አሞኒያ የሚበሉትን ባክቴሪያዎች ቤታችሁ ውስጥ ማሳደግ፦ ከባዶ ገንዳ እስከ መጀመሪያዋ ዓሣ

የመጀመሪያ ገንዳዬን የሞላሁት ቅዳሜ ነበር። 60 ሊትር ነው። ውሃው ጥርት ያለ፣ ፊልተሩ አዲስ፣ ዓሦቹም ደህና ነበሩ። ረቡዕ ከሰዓት የጎረቤቴ ልጅ መጥቶ መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ ዓሦቹ ለምንድነው አፋቸውን ወደ ላይ የሚያወጡት?» አለኝ። የራባቸው መሰለኝ። ምግብ ጨመርኩላቸው። ሐሙስ ጠዋት ሦስቱ ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። ስንጥባቸውን ገልጬ ሳየው ቀልቶ ደም መስሏል።

ርቧቸው አልነበረም። ዓሣ አሞኒያን የሚያስወጣው በዋናነት በዚያው በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል ነው። ያ አሞኒያ ውሃው ውስጥ ተጠራቅሞ መልሶ እያቃጠላቸው ነበር። እኔ የጨመርኩት ምግብ ደግሞ በሰበሰ፣ ሌላ አሞኒያ ሆነ። ገንዳው ያጣው አሞኒያውን የሚበሉለትን ባክቴሪያዎች ነው። እነሱ ደግሞ ከፊልተሩ ጋር በካርቶን ታሽገው አይመጡም፣ ማሳደግ ያስፈልጋል።

እዚህ ጅማ ይህን ሥራ ስሠራ የተማርኩትን አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ብዙው መመሪያ የተጻፈው ሁልጊዜ መብራት ላላቸው፣ ውሃቸው ለማይለዋወጥ፣ ዕቃውን ሁሉ ከሱቅ ለሚገዙ ሰዎች ነው። የእኛ ነገር ትንሽ ይለያል።

ማን ምን ይበላል

ነገሩ ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው ቡድን አሞኒያን ወስዶ ናይትራይት ያደርገዋል። ሁለተኛው ቡድን ናይትራይቱን ወስዶ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትራይትም መርዝ ነው፣ የዓሣውን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ናይትሬት ግን ብዙ ካልተጠራቀመ አይጎዳም፣ ውሃ በመቀየር ይወጣል። ስለዚህ ገንዳችሁ ሁለቱም ቡድኖች ያስፈልጉታል። አንዱ ብቻ ካደገ አንዱን መርዝ በሌላ መርዝ ለወጣችሁ ማለት ነው።

እነዚህ ፍጥረታት መኖራቸው ከታወቀ ቆይቷል። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የሚባለው ሩሲያዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1890 አካባቢ ነው ለይቶ ያሳያቸው። የትኞቹ ገንዳ ውስጥ እንደሚሠሩ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በስህተት ነበር የሚነገረው። ድሮ ናይትራይትን የሚበላው ናይትሮባክተር ነው ይባል ነበር፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲመረመር የጨው አልባ ውሃ ገንዳዎች ውስጥ ዋናው ሠራተኛ ናይትሮስፓይራ ሆኖ ተገኘ። በ2005 ደግሞ ሲያትል ከተማ ካለ የባሕር ውሃ አኳሪየም ውስጥ ባክቴሪያ ያልሆነ፣ አርኬያ የሚባል ሌላ ዘር አሞኒያ ሲበላ ተገኘ። በ2011 የካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደኛ ዓይነት የቤት ገንዳዎችን ፊልተር መረመሩ፣ በአብዛኞቹ ውስጥ እነዚሁ አርኬያዎች በርክተው አገኟቸው። በ2015 ደግሞ ሁለቱንም ደረጃ ብቻውን የሚጨርስ የናይትሮስፓይራ ዓይነት መኖሩ ታወቀ። አንደኛው የተገኘው ሆላንድ ውስጥ ከዓሣ እርባታ ፊልተር ነው።

ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ፊልተራችሁ ውስጥ የሚሰፍረው አንድ ዘር አይደለም፣ ማኅበር ነው። ማን እንደሚበዛ የሚወስነው የእናንተ ውሃ፣ ሙቀትና የምግብ መጠን ነው። ስለዚህ በጠርሙስ የሚሸጠውን ባክቴሪያ ገዝታችሁ ብታገኙም ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። በተለይ መንገድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከሰነበተ።

ለሁላቸውም ግን የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ቀስ ብለው ነው የሚባዙት። ተራ ባክቴሪያ በ20 እና በ30 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። እነዚህ ግን በደህና ሙቀት እንኳ ግማሽ ቀን፣ አንድ ቀን፣ ከዚያም በላይ ይፈጅባቸዋል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

ደረጃ 1፦ ቤታቸውን መሥራት

ባክቴሪያዎቹ ውሃው ውስጥ እየተንሳፈፉ አይኖሩም። ጠጣር ነገር ላይ ተለጥፈው፣ ለጣት የሚያሟልጭ ስስ ልባስ ሠርተው ነው የሚኖሩት። ብዙ ፊት ያለው ነገር ስጧቸው ማለት ነው። ስፖንጅ ጥሩ ነው። ከሱቅ የሚገዛ ሴራሚክም ጥሩ ነው። እኔ ግን የምወደው ለብሎኬት መሥሪያ የሚውለውን ፑሚስ ነው፣ ያ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነውን ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ብሎኬት የሚመረትበት ቦታ ሄዳችሁ አንድ ፌስታል ብትጠይቁ ብዙም አያስከፍሏችሁም። ሲሚንቶ ያልነካው ይሁን። የባቄላ ፍሬ የሚያካክለውን ምረጡ፣ ከዚያ ውሃው ጥርት እስኪል እጠቡት። አዲስ ሲሆን አንዳንዱ ይንሳፈፋል። ሁለት ሦስት ቀን ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ፣ አልሰምጥ ያለውን ተዉት።

ፊልተር ከሌላችሁ እንዲህ ሥሩ። ሁለት ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ውሰዱ። ከአንገቱ ዝቅ ብሎ ዙሪያውን በጋለ ሚስማር ብዙ ቀዳዳ ብሱ። የኤሌክትሪክ ገመድ የሚገባበትን ነጭ የፕላስቲክ ቱቦ ከሃይላንዱ ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡና የታችኛውን ጫፍ ጥርስ ጥርስ አድርጉት፣ ውሃ እንዲገባበት። ቱቦውን ሃይላንዱ መሃል አቁሙት፣ ታች ወለሉን ይንካ። ዙሪያውን ፑሚስ ሙሉ። ከላይ ሻካራ ስፖንጅ አድርጉ፣ ትልልቁን ቆሻሻ እንዲይዝ። ክዳኑን በስታችሁ ቱቦው በዚያ እንዲወጣ አድርጉ። ከዚያ የአየር ፓምፑን ቀጭን ጎማ በቱቦው ውስጥ እስከ ታች ድረስ አውርዱት። አረፋው በቱቦው ውስጥ ሲወጣ ውሃውን ይዞ ይወጣል፣ በምትኩ ሌላ ውሃ በላይኞቹ ቀዳዳዎች ገብቶ በፑሚሱ መሃል ወደ ታች ይወርዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። የኔ እንዲህ የተሠራው ፊልተር በገንዘብ ከገዛሁት ያላነሰ ሠርቶልኛል።

ስፖንጅ ስትመርጡ ዕቃ ማጠቢያ የሚባለውን ሳታዩ አትግዙ። አንዳንዱ ጀርም የሚገድል መድኃኒት የተነከረ ነው። እኛ ደግሞ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው።

የአየር ነገር እኛ ጋ ከሌላው ይበልጥ ወሳኝ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅንም ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል። እዚህ ግን ቢበዛ ወደ 6.7 ነው። ባክቴሪያዎቹ አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን እስከ መጨረሻው ለመጨረስ 4.6 ግራም ያህል ኦክስጅን ይፈጃሉ። ዓሦቹም የሚተነፍሱት ያንኑ ነው። ስለዚህ ፓምፑ ቀን ብቻ የሚበራ ጌጥ አይደለም፣ ሌት ተቀን ይሥራ። ድምፁ እንቅልፍ ከነሳችሁ ስፖንጅ ላይ አስቀምጡት እንጂ አታጥፉት።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ፓምፑን ከገንዳው ውሃ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ዝቅ ካለ መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃው በጎማው ወደ ኋላ ይመለስና ፓምፑን ያቃጥለዋል፣ ሶኬቱንም ያረጥበዋል።

ደረጃ 2፦ ውሃው

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ክሎሪን የሚጨመረው ጀርም እንዲገድል ነው፣ የእናንተንም ባክቴሪያዎች ይገድላል። ክዳኑ በተከፈተ ሰፊ ባልዲ አንድ ሁለት ቀን አሳድሩት፣ አየር ቢነፋበት ደግሞ ቶሎ ይወጣል። በጠባብ አፍ ጀሪካን ተከድኖ ያደረ ውሃ ክሎሪኑ ወጥቷል ብላችሁ አትመኑ።

የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ብዙ ሰው ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ውሃ አጠራቅሞ ይጠቀማል። እኔም ሞክሬዋለሁ። ክሎሪን የለውም፣ ሁለት ችግር ግን አለው። አንደኛው ቆርቆሮው ላይ ያለው ዚንክ ከውሃው ጋር ይወርዳል፣ ዚንክ ደግሞ በተለይ እንደ ዝናብ ባለ ለስላሳ ውሃ ዓሣን ይጎዳል። ሁለተኛው ለባክቴሪያዎቹ ነው። እነሱ ሲሠሩ አሲድ ያመነጫሉ። ውሃው ውስጥ ያለው ካርቦኔት ያንን አሲድ ያበርደዋል፣ የዝናብ ውሃ ግን ካርቦኔት የለውም ማለት ይቻላል። ፒኤች (የውሃው አሲድነት መለኪያ ነው፣ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ይወርድ ይወርድና ከ6.5 በታች ሲሆን ባክቴሪያዎቹ ይደክማሉ፣ ወደ 6 ሲጠጋ ሥራ ያቆማሉ። ሰውየው ባክቴሪያው ሞተብኝ ይላል፣ እነሱ ግን አልሞቱም፣ የሚሠሩበት ነገር አልቆባቸው ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። የዝናቡን ውሃ ከቧንቧ ወይም ከጉድጓድ ውሃ ጋር ቀላቅሉት፣ ደግሞም ለ60 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም። ሁለቱ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ፓውደሩ ውስጥ አሲድና ስታርች ተቀላቅሎበታል፣ ለኬክ ነው። ማሸጊያው ላይ ሶዳ የሚለውን አይታችሁ ግዙ።

ሙቀቱንም አስቡበት። እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚወዱት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ነው። ጅማ ቀን ላይ ደህና ነች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። የኔ ገንዳ ያለ ሂተር ጠዋት ላይ 17 ዲግሪ ያነባል። በዚያ ሙቀት ይሠራሉ፣ በጣም ቀስ ብለው ነው እንጂ። ሂተር ካላችሁ በማሳደጊያው ሳምንታት አብሩት። ከሌላችሁ ገንዳውን ከመስኮትና ከሲሚንቶ ወለል አርቁት፣ ጊዜውንም ጨምሩለት።

ደረጃ 3፦ እርሾ መበደር

ለእንጀራ ሊጥ ስታቦኩ እርሾ ከሌላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ከጎረቤት ትበደራላችሁ። ይህም እንደዚያው ነው። ጤነኛ ገንዳ ያለው ሰው ፈልጉና ከፊልተሩ አንድ ቁራሽ ስፖንጅ ወይም አንድ እፍኝ ጠጠር ለምኑት። ቡናማ፣ ቆሻሻ የሚመስለው ነው የሚፈለገው። እሱን የእናንተ ፊልተር ውስጥ ከፑሚሱ ጋር አስገቡት። ወር ከምናምን የሚፈጀው ወደ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ ይህ ነው።

የገንዳውን ውሃ ብቻ በሃይላንድ ይዘው የሚመጡ አሉ። ብዙም ጥቅም የለውም፣ ባክቴሪያው ያለው ጠጣሩ ላይ ነው ብለናል።

ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው፣ ቀኑን ይፈጃል። ስፖንጁን ውሃ በሞላው ዕቃ ውስጥ አፍናችሁ አትላኩት፣ ኦክስጅኑ በሰዓታት ያልቅና ይታፈናሉ። ትንሽ ጨምቃችሁ እርጥብ እንደሆነ አየር የሞላው ላስቲክ ውስጥ አድርጉት፣ ፀሐይ ከማያገኘው ቦታ ይቀመጥ። እርጥበትና አየር ካገኙ መንገዱን ይችሉታል። ቤት እንደደረሰ በዚያው ሰዓት ገንዳ ውስጥ ይግባ።

አንዳንድ ሰው ከወንዝ ጠጠር አምጡ ይላል። ሐሳቡ ስህተት አይደለም፣ ባክቴሪያዎቹ ወንዝም አፈርም ውስጥ አሉ። ከአዌቱ ግን አታምጡ። ከተማዋን አቋርጦ፣ ቆሻሻዋን ተሸክሞ ነው የሚያልፈው። ከጠጠሩ ጋር የዓሣ በሽታም ሌላም ይገባል። እርሾ የሚሰጣችሁ ካጣችሁ ያለ እርሾ ጀምሩ። ከአየርም ከውሃም ራሳቸው ይመጣሉ፣ ጊዜ ነው የሚፈጀው።

ደረጃ 4፦ ያለ ዓሣ መመገብ

ባክቴሪያዎቹን ለማሳደግ አሞኒያ ያስፈልጋል። ዓሣ አስገብቶ በሱ ስቃይ ማሳደግ ይቻላል፣ እኔ ሳላውቅ ያደረግኩት ያንን ነው። አትድገሙት። ሁለት መንገድ አለ።

ቀላሉ የዓሣ ምግብ ነው። በየቀኑ አንድ ቁንጥር ጣሉበት፣ ይበሰብሳል፣ አሞኒያ ይሆናል። ድክመቱ ምን ያህል እንደሰጣችሁ አለማወቃችሁ ነው። ገንዳውም ይሸታል፣ ይሻግታል።

እኔ የምጠቀመው ዩሪያን ነው። አዎ፣ ገበሬው ለበቆሎ የሚበትነውን ነጭ ማዳበሪያ። ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ተራ ባክቴሪያዎች ያፈርሱትና አሞኒያ ይሆናል። አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ወደ 4 ግራም ነው። ይህን በአንድ ሊትር ውሃ አሟሙትና ሃይላንድ ውስጥ አስቀምጡት፣ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉበት፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ ይሁን። ከዚህ ብጥብጥ አንድ የቡና ሲኒ፣ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ለ60 ሊትር ገንዳ በሊትር ወደ 2 ሚሊግራም ናይትሮጅን ይሰጣል። የሚፈለገው መጠን ይኸው ነው። ገንዳችሁ 30 ሊትር ከሆነ ግማሽ ሲኒ፣ 120 ከሆነ ሁለት ሲኒ።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ግራጫውን ኤንፒኤስ የሚባለውን ማዳበሪያ አትንኩ፣ ፎስፈረስና ሰልፈር አለው። ዩሪያም ቢሆን ዓሣ ያለበት ገንዳ ውስጥ ጠብታ አይግባ።

ከዚያ አትቸኩሉ። ዩሪያ እስኪፈርስ ቀናት ይወስዳል። የመጀመሪያው ሲኒ ከገባ በኋላ መለኪያው ለቀናት ዜሮ ቢል አልሠራም ብላችሁ ሁለተኛ ሲኒ አትድፉ። ሁለቱም አብረው ሲፈርሱ አሞኒያው ከልክ ያልፋል፣ ሲበዛባቸው ደግሞ ራሳቸው ባክቴሪያዎቹ ይዘገያሉ። የመጀመሪያው አሞኒያ መለኪያው ላይ ታይቶ በሊትር ከ0.5 ሚሊግራም በታች ሲወርድ ነው ሁለተኛውን የምትጨምሩት።

ደረጃ 5፦ መለካትና መጠበቅ

መለኪያ ግዙ። ዋጋው ይሰማል፣ አውቃለሁ፣ ከአዲስ አበባም ማስመጣት ሊኖርባችሁ ይችላል። ግን ያለሱ በጨለማ ነው የምትሄዱት። አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬት የሚለካ የጠብታ መለኪያ ይሁን። አቅም ከሌላችሁ ሁለት ሦስት ሰው ተዋጥታችሁ ግዙ።

የሁለተኛ ገንዳዬን ማስታወሻ ደብተር አሁን ከፍቼ ነው የምጽፍላችሁ። ያለ እርሾ፣ ያለ ሂተር ነበር። ጥቅምት 12 የመጀመሪያውን ሲኒ ዩሪያ ጨመርኩ። እስከ ጥቅምት 19 የአሞኒያው መለኪያ ቢጫ እንደሆነ ቀረ፣ ማለትም ዜሮ። ጥቅምት 20 ወደ አረንጓዴ ተለወጠ። ኅዳር 1 ላይ ናይትራይቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወይን ጠጅ መልክ አሳየ። ያን ቀን እንደ ትልቅ ነገር ጎረቤት ጠርቼ አሳይቻለሁ። ኅዳር 15 አሞኒያው በአንድ ቀን ውስጥ ማለቅ ጀመረ፣ ናይትራይቱ ግን ደማቅ ወይን ጠጅ ሆኖ ቆመ። ቀን በቀን እለካለሁ፣ ያው ነው። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ገንዳውን የሚደፋው። ሁለተኛው ቡድን ሥራ የሚጀምረው ከአንደኛው በኋላ ስለሆነ ሁልጊዜ ይዘገያል። እኔ ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፣ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨመርኩ፣ ጠበቅኩ። ኅዳር 28 ጠዋት ናይትራይቱ ዜሮ ሆኖ አገኘሁት። በድምሩ 46 ቀን። በሙቅ ውሃ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት በቂ ነው።

ያ ቤኪንግ ሶዳ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ሲኒ ዩሪያ ሙሉ በሙሉ ሲበላ ከውሃው ካርቦኔት በሊትር 7 ሚሊግራም ያህል ይጨርሳል። አንድ ማንኪያ ሶዳ በ60 ሊትር ውስጥ 50 ያህል ይሰጣል። ማለትም በየሰባት ሲኒው አንድ ማንኪያ ቢጨመር አይከፋም። ይህን ሒሳብ ባላወቅሁበት ጊዜ ገንዳዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቆሞብኝ ነበር።

አልቋል የሚባለው መቼ ነው? አንድ ሲኒ ጨምራችሁ በማግስቱም፣ በሦስተኛው ቀንም ለኩ። አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ፣ ናይትሬቱ ደግሞ ከፍ ብሎ ከተገኘ ተሳክቷል። ናይትሬቱን ማየት የግድ ነው። እሱ ካልጨመረ ምናልባት ዩሪያው ገና አልፈረሰም ማለት ነው፣ ዜሮው ያታልላችኋል። ይህን ሁለቴ ደግማችሁ አረጋግጡ። ከዚያ አብዛኛውን ውሃ ቀይራችሁ ናይትሬቱን አስወጡ፣ ሶስት አራት ትንንሽ ዓሣ አስገቡ። ሌላውን በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት። የባክቴሪያው ብዛት በሚያገኘው ምግብ ልክ ነው፣ አንዴ ሃያ ዓሣ ብትጥሉበት አይችልም።

መለኪያ ጨርሶ ካላገኛችሁ ዩሪያውን ተዉት። በዓሣ ምግቡ መንገድ ሂዱና ሁለት ወር ሙሉ ጠብቁ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ዓሣ ብቻ።

ዓሣ ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ

ብዙዎቻችሁ ይህን የምታነቡት ዓሣው ገንዳ ውስጥ ከገባ በኋላ እንደሚሆን አውቃለሁ። አይዟችሁ፣ ይቻላል። ምግቡን በሁለት ቀን አንዴ፣ በጣም ጥቂት አድርጉት። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ከውሃው ሲሶውን ያህል ክሎሪን በወጣለት፣ ሙቀቱ በተመጣጠነ ውሃ ቀይሩ። አሞኒያው ከ0.5 ካለፈ ግማሹን። ናይትራይት ከታየ ለ60 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ ጨምሩ። ጨዉ ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥቡ በኩል ወደ ደሙ እንዳይገባ ይሻማዋል።

በዚህ ጊዜ ቤኪንግ ሶዳ እንደ ልብ አትጨምሩ። አሞኒያ በሁለት መልክ ነው ያለው፣ አንዱ ብዙም አይጎዳም፣ አንዱ ይገድላል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ላይ ገዳዩ ከ1 በመቶ በታች ነው። ፒኤች 8 ላይ ወደ 5 በመቶ ይደርሳል። ያው መለኪያ፣ ያው ቁጥር፣ መርዙ ግን ወደ አሥር እጥፍ። ዓሣ እያለ ፒኤች ድንገት ከፍ ማድረግ ያለው አደጋ ይህ ነው።

መብራት ሲጠፋ

አረፋ ሲቆም ባክቴሪያዎቹ መተንፈሳቸውን አያቆሙም። ስፖንጅ ወይም የሃይላንዱ ፊልተር ገንዳው ውስጥ ስላለ ጥቂት ጊዜ ይቆያል። የከፋው የታሸገው ከውጭ የሚቀመጥ ፊልተር ነው፣ ውስጡ ያለው ኦክስጅን በሰዓታት ያልቃል። እሱ ካላችሁ ክዳኑን ክፈቱና ውስጡ ያለውን በወንፊት አድርጋችሁ ገንዳው ውስጥ አንጠልጥሉት። መብራት ሲመጣም ቆሞ የቆየውን ውሃ ሳትደፉ አታብሩት፣ ያ የሸተተ ውሃ ተመልሶ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ዓሣ ይገድላል።

ዓሦቹን አትመግቡ። በየሰዓቱ በጆግ ውሃ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፣ አየር ይዞ ይገባል። ትንንሾቹ የአየር ፓምፖች በጣም ጥቂት ኃይል ነው የሚፈልጉት። በዩኤስቢ የሚሠራ አንድ ካገኛችሁ በፓወር ባንክ ሌሊቱን ሊያድር ይችላል። እኔ አሁን ያለሱ ገንዳ አልይዝም።

ስለ ማጠብ

እንግዳ ሲመጣ ፊልተሩን አውጥቶ በቧንቧ ውሃ ፈትጎ ማጠብ ደስ ይላል። አንድ ጊዜ ለበዓል ቤት ሲጸዳ እንዲሁ ተደርጎብኝ ሰባት ወር ያሳደግኩት በአንድ ከሰዓት አልቋል። በክሎሪን ውሃ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ። ያን ቡናማ ልባስ ቆሻሻ ነው ብለው ነው፣ አልፈርድባቸውም። ለቤተሰብ ቀድሞ መንገር ነበር።

ፊልተር የሚጸዳው ፍሰቱ ሲደክም ብቻ ነው። ከገንዳው የወጣውን ውሃ ባልዲ ውስጥ አድርጉና ስፖንጁን እዚያው ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ውሃው ቡና ይመስላል። በቃ፣ መልሱት። ጥርት እስኪል አትጠብቁ። ፑሚሱን በአንድ ጊዜ አትቀይሩ፣ በሳሙናና በበረኪና አጠገቡም አትድረሱ።

መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ዓሣ ሲታመም ከቤት የተረፈ ቴትራሳይክሊን ፈትቶ ገንዳ ውስጥ መበተን የተለመደ ሆኗል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያ እየመረጠ አይገድልም፣ ፊልተሩንም ሊጎዳው ይችላል። የታመመውን ዓሣ ለብቻ ባልዲ አውጥታችሁ እዚያ አክሙት።

እርሾውን ስትሰጡ

ገንዳችሁ ስድስት ወር ከሞላውና ጤነኛ ከሆነ ለሌላ ሰው መስጠት ትችላላችሁ። ከፊልተሩ ከሲሶ በላይ አትስጡ። በወጣው ቦታ አዲስ ፑሚስ ሙሉና ለሁለት ሳምንት የዓሦቹን ምግብ ቀንሱ፣ አሞኒያውን በየሁለት ቀኑ ለኩ። በቅርቡ የታመመ ዓሣ ካለባችሁ አትስጡ፣ በሽታውም አብሮ ይሄዳል።

ያ የጎረቤቴ ልጅ አሁን የራሱ 30 ሊትር ገንዳ አለው። ባለፈው እሑድ ከፊልተሬ ሁለት እፍኝ ፑሚስ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ዓሣው ከመግባቱ በፊት ግማሽ ሲኒ ጨምሮ ሦስት ቀን እንዲለካ ነግሬዋለሁ። ትናንት ደብተሩን ይዞ መጣ፣ ቁጥሮቹን በሰንጠረዥ ጽፏቸዋል፣ ናይትራይቱ ገና 0.25 ነው።

«ጋሼ፣ ዓሣዋን ልግዛ?» አለኝ።

«ገና ነው» አልኩት።